እሳት ቢነሳ ውሻውን ማን ይፈታዋል? ውሻና ድመት ላለበት ቤት የአደጋ ጊዜ ዝግጅት

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና እንጀምር። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ እናንተ ስራ ላይ እያላችሁ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ፣ ግቢ የታሰረውን ውሻ ማን ነው ሚፈታው? ሰራተኛዋ ልጆቹን ይዛ ትወጣለች፣ ዘበኛ ካለ በር ከፍቶ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረቤት ይመጣል ግን ውሻውን ስለሚፈራ ወደዛ አይጠጋም፣ እና ሁሉም ሰው "አንዱ ፈቶታል" ብሎ ሲያስብ ውሻው እዛው ሰንሰለቱ ላይ ይቀራል። ስለ አደጋ ዝግጅት ሲወራ ሰው ቶሎ ሚሄደው ወደ እቃ ነው፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ መድሃኒት፣ የሰነድ ኮፒ ምናምን። እሱም ያስፈልጋል፣ እመጣበታለሁ፣ ግን እንስሳ ያለው ሰው ከእቃው በፊት መወሰን ያለበት ስራው የማን እንደሆነ ነው።

ስለዚ ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ተነጋገሩና ሁለት ስም ጻፉ፣ አንድ ለቀን አንድ ለማታ። የቀኑ ሰው ቤት ሚውል ሰው ነው መሆን ያለበት፣ ማለትም እናንተ ሳትሆኑ ዘበኛው ወይ ሰራተኛዋ ወይ ቤት ያሉት አያት። እዚጋ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ቤት ሰራተኛዋ ውሻውን ትፈራዋለች ውሻውም ያውቅባታል። ሚፈራ ሰው ደግሞ በጭስ መሃል ሄዶ ሰንሰለት አይፈታም፣ አይፈረድበትምም። መፍትሄው ለተወሰኑ ሳምንታት ምግቡን እሷ እንድትሰጠው ማድረግ ነው፣ መጀመሪያ ሰሃኑን ከሩቅ እየገፋችለት ከዛ ቀስ በቀስ እየቀረበች፣ ውሻ ያበላውን ሰው አይረሳም፣ ሲላመዱ ደግሞ የአንገቱን ማሰሪያ እየያዘች መፍታትና ማሰር ትለማመድ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለች ግን አታስገድዷት። አጥር ከምትጋሩት ጎረቤት ውሻ ሚወድ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም፣ እሱን አላምዱት፣ በሩን እንዴት እንደሚከፍትም ንገሩት።

ድመት ካላችሁ ለሷ ሌላ ሰው መድቡ። አልጋ ስር ተንበርክኮ ድመት ሚፈልግና ጓሮ ሄዶ ውሻ ሚፈታ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም።

እና ከሁሉም በላይ ሚቀድም ህግ፣ ማንም ሰው ለእንስሳ ብሎ ወደሚቃጠል ቤት ተመልሶ አይገባም። ልጆች በተለይ ይሄን ደጋግመው ይስሙት፣ ምክንያቱም ተመልሶ ሊገባ ሚችለው ልጅ ነው። ወጥታችሁ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ፣ እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ "ድመት አለች፣ ኋላ ያለው መኝታ ቤት ናት" ብላችሁ ቦታውን ንገሯቸው፣ ከዛ እነሱ ሁኔታውን አይተው ይወስናሉ።

አሁን ሰንሰለቱን እንየው። የኛ ሀገር ውሻ ብዙውን ጊዜ ጠባቂ ነው፣ ቀን ይታሰራል ማታ ይለቀቃል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከነጭራሹ ማታም አይለቀቅም (እሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ ብጀምረው አያልቅም)። ሄዳችሁ በምን እንደታሰረ ተመልከቱ። በሽቦ ተጠምዝዞ የታሰረ ወይ ጓጉንቸር ቁልፍ የተንጠለጠለበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ ቁልፉን ማን ጋ እንዳለ ፈልጎ ሚያገኝ ሰው በእሳት ሰዓት የለም። በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ምትከፍቱት መንጠቆ የትም ብረታ ብረት መሸጫ አለ፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ እጅ በጨለማ መከፈት አለበት፣ ዝገት ካለው ዘይት አስነኩት። የውሻ ቤቱ ከብረት ፍርግርግ ከተሰራም እንደዛው፣ መወርወሪያው ከውጪ በቀላሉ ሚንሸራተት ይሁን።

የሚታሰርበት ቦታም ወሳኝ ነው። ብሎኬት አጥር ስር አትሰሩት፣ መሬት ሲንቀጠቀጥም ሆነ በከባድ ዝናብ አፈሩ ሲርስ መጀመሪያ ሚወድቀው አጥር ነው። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይም አይሁን፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ የት እንደሚጠራቀም ታውቁታላችሁ። የጋዝ ሲሊንደርና ጄኔሬተር አጠገብም እንደዛው። ከሰንሰለቱ ሌላ ደግሞ መጎተቻ ገመድ ያስፈልጋችኋል፣ ዋናው በር አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል። የተፈታ ውሻ ሰው ሲጮህ ጭስ ሲያይ በርግጎ መኪና መንገድ ላይ ነው ሚገኘው፣ ስለዚ መፍታት ብቻ ሳይሆን ይዞ መውጣት ነው። ገመድ ለብሶ መሄድ ማያውቅ ውሻ ካላችሁ (ብዙዎቹ አያውቁም፣ ከግቢ ወጥተው አያውቁማ) በሳምንት ሁለት ሶስቴ ሰፈር ውስጥ አዙሩት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ በደረጃ ማውረድ አለማምዱት፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራትም ሞክሩት፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ያደገ ቡችላ ጨለማ ደረጃ ሲያይ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል፣ ተሸክማችሁ ልታወርዱት ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም ሚለውንም ያኔ ታውቁታላችሁ።

የድመት ነገር ሌላ ነው። ድመት አደጋ ሲመጣ አትሮጥም፣ ትደበቃለች፣ አልጋ ስር፣ ፍሪጅ ጀርባ፣ ኮርኒስ ውስጥ፣ እና ስትጎትቷት ትቧጭራለች። ስለዚ አስቀድማችሁ ቤቷ ሚሆን መያዣ አዘጋጁላት። ለድመት ተብሎ ሚሸጠውን የፕላስቲክ ሳጥን ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ክዳን ያለው ቅርጫት ወይ አየር ሚገባበት ቀዳዳ የተበሳ ጠንካራ ካርቶን በገመድ ታስሮ ይሆናል። ማዳበሪያ ወይ ፌስታል ውስጥ እንዳትከቱ፣ ትታፈናለች። ዋናው ዘዴ ግን ሳጥኑን ቁምሳጥን ላይ አለማስቀመጥ ነው። ሳሎን ጥግ ክፍቱን ይቀመጥ፣ አሮጌ ጋቢ ይነጠፍበት፣ አንዳንዴ ምግቧን እዛ ውስጥ ስጧት፣ ከጊዜ በኋላ ራሷ ገብታ ትተኛበታለች፣ ያኔ አደጋ ቢመጣ መዝጋት ብቻ ነው። ሳጥኑን ያየችው ክትባት ቀን ብቻ ከሆነ ገና ስታየው ነው ምትጠፋው። በድንገት ሳጥን ሳይኖራችሁ መውጣት ካለባችሁ ወፍራም ፎጣ ወይ ጋቢ ጣል አርጉባትና ጠቅልላችሁ ያዟት፣ ጭንቅላቷ ይውጣ እግሮቿ አይውጡ።

ውሃና ምግብ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ግማሹን ስራ ጨርሷል፣ የፈረቃ ውሃ ጀሪካን መሙላት አስተምሮናል። 20 ኪሎ ሚሆን ውሻ በቀን 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ድመት አንድ ብርጭቆ ገደማ፣ ሙቀት ያለበት አገር ድሬዳዋ አዋሽ ሰመራ ከሆናችሁ ከዛ በላይ አስቡ። እንግዲህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ውሻና ለአንድ ድመት ሳምንት አልፎ ይተርፋል። የነሱ ተብሎ ይለይ፣ ምልክት ይደረግበት፣ በየጥቂት ሳምንቱ ለልብስ ማጠቢያ አውሉትና በአዲስ ሙሉት።

ምግቡ ነው ትንሽ ሚያስቸግረው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ውሻ ሚበላው ከኛ የተረፈውን ወይ ከስጋ ቤት የመጣ ቅንጥብጣቢ ነው። አደጋ ሲመጣ ትርፍራፊ ሚባል ነገር የለም፣ ሰው ራሱ ያገኘውን ነው ሚበላው። በጾም ወቅት ስጋ ቤቶች ሲዘጉ ውሻው ምን ይበላል ብላችሁ አስቀድማችሁ ምታስቡ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ እሱኑ በትንሹ ማስፋት ነው። የታሸገ ደረቅ የውሻ ምግብ አቅማችሁ ከፈቀደ አንድ ትንሽ ከረጢት ያዙ፣ ግን ያን ቀን ድንገት አትጀምሩለት ሆዱን ያስቀምጠዋል፣ አሁን ከለመደው ጋር እየቀላቀላችሁ አስለምዱት። ካልሆነ ድርቆሽ (የደረቀ እንጀራ) አስቀምጡ። ድርቆሽ ብቻውን የተሟላ ምግብ ነው አልልም ግን ለሳምንት ያቆያል፣ በውሃ ይርሳል፣ ክብደት የለውም፣ ቅመም የሌለው ቋንጣ ከተጨመረበት ደግሞ ምን ፈልጎ። ፍርፍር ግን አይሆንም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፣ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጣጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ ሀኪም በሌለበት ሰዓት ያን ማምጣት ምን ያረጋል። ድመት በእንጀራ አትኖርም፣ ስጋ የግድ ያስፈልጋታል፣ ለሷ ሁለት ሶስት ቆርቆሮ ቱና ወይ ሳርዲን ያዙ፣ ዘይቱ ይፍሰስ፣ ቆርቆሮው ያለ መክፈቻ ሚከፈት ይሁን።

መድሃኒት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ለሰው የተያዘውን ማስታገሻ እንዳትሰጧቸው። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ውሻንም ይጎዳሉ። ለቁስል ንጹህ ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹህ ጨርቅና ፋሻ በቂ ነው።

ክትባት ዝግጅት አይመስልም ግን ዋናው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፣ ሰው ይገድላል፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ሚያድን መድሃኒት የለም ማለት ይቻላል። አደጋ ላይ የተደናገጠ ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳል፣ መንገድ ላይ ከማያውቃቸው ውሾች ጋርም ይጣላል። ስለዚ ከ3 ወር እድሜው ጀምሮ ይከተብ፣ በየዓመቱ ይደገም፣ ካርዱ ከናንተ ሰነድ ጋር ፌስታል ውስጥ ይግባ፣ ፎቶውም ስልካችሁ ላይ ይኑር። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ (15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያያችሁ)፣ ከዛ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ። የባህል መድሃኒት እሞክራለሁ ብሎ መዘግየት ያስቀስፋል። የነከሰውን ውሻም ከተቻለ ወዲያው አትግደሉት፣ ታስሮ 10 ቀን ጤንነቱ ቢታይ ለተነከሰው ሰው ህክምና ሚጠቅም መረጃ ይሰጣል።

እንግዲህ ወጣችሁ እንበል። ውሻውን ይዛችሁ ወዴት ነው ምትሄዱት? እዚ ነው ነገሩ ሚከብደው። ሰው ሲፈናቀል ትምህርት ቤት ወይ የቀበሌ አዳራሽ ነው ሚገባው፣ እዛ ደግሞ ውሻ አስገቡልኝ ብትሉ ማን ይሰማችኋል። ዘመድ ቤት ነው የቀረው። ዘመድ ጋ ደግሞ ውሻ ቤት አይገባም፣ ሥዕል የተሰቀለበት ጸበል ሚረጭበት ቤት ነው፣ ሙስሊም ጎረቤት ከሆነም ሚሰገድበት ቤት ነው። ይሄን እንደ ክፋት አትዩት፣ ቤቱ የነሱ ነው። ስለዚ ቤት አትጠይቁ፣ ጓሮ ጠይቁ፣ ያውም ዛሬ ሰላም እያለ። "እትዬ፣ እግዜር አያምጣውና አንድ ነገር ቢፈጠር ቡቺን ለሁለት ሶስት ቀን ጓሮዎ ላስራት? ምግቧን እኔው አመጣለሁ፣ ክትባቷም ያው ካርዱ" በሉ። "ምን ችግር አለው ልጄ፣ ብቻ ቤት እንዳትገባብኝ" ነው መልሱ ብዙ ጊዜ። በሌሊት በር አንኳኩታችሁ ውሻ ይዛችሁ ስትቆሙ ግን መልሱ እንደዛ ላይሆን ይችላል። ካርዱን ማሳየት ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ውሻ እምቢ ሚለው ግማሹ ከፍርሃት ነው፣ መከተቡን ሲያይ ይለዝባል።

አንድ ሰው አይበቃም፣ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ እዛው ሰፈር በእግር ሚደረስ፣ ሌላው ከተማው ሌላ ጫፍ ወይ ከከተማ ውጪ፣ ምክንያቱም ጎርፉ እናንተን ካስወጣ ጎረቤትንም ያስወጣል። ድመቷን ሚቀበል ሰው ማግኘት ቀላል ነው፣ አይጥ ያለበት ቤት ሁሉ ይፈልጋታል፣ ችግሩ እንድትመለስላችሁ ነው ሃሃ።

ትራንስፖርቱንም አስቡበት። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም፣ የራይድ ሹፌር ደርሶ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ሚያውቃችሁ ባለባጃጅ ወይ ባለላዳ ካለ አሁን ጠይቁት፣ ወንበሩ ላይ ሚነጠፍ አሮጌ ብርድልብስ ከቦርሳው ጋር ይግባ፣ ትንሽ ጨመር አርጋችሁ ክፈሉት። ውሻው አፉ መታሰር ካለበት ለስላሳ ሻሽ ወይ የነጠላ ቁራጭ አፍንጫው ላይ ዞሮ ከአገጩ ስር ተሻግሮ ከጆሮው ኋላ ይታሰራል፣ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፣ ውሻ ሚቀዘቅዘው እያለከለከ ስለሆነ በሙቀት ወይ ሲያስመልሰው ወዲያው ፍቱት።

ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ይጻፍ። በማይለቅ ማርከር ቀበቶው ላይ መጻፍ በቂ ነው፣ ሁለት ቁጥር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ያንደኛው ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። ይሄ በጣም ቀላሉ ስራ ነው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ማሰሪያ የሌለው ውሻ የመንገድ ውሻ ነው ሚባለው፣ ባለቤት የለሽ ውሻ ላይ ደግሞ መርዝ ሲጣል የኖረበት ከተማ ነው። ከዛ ከናንተ ጋር አብሮ የተነሳ ፎቶ ስልክ ላይ ያዙ፣ የኔ ነው ሚል ክርክር ሲነሳ ያ ነው ማስረጃው።

የአደጋው አይነት ሲለያይ ምታደርጉት ትንሽ ይለያያል። በ2017 ታህሳስና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሚነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው ከኮንዶሚኒየም በሌሊት ሲወርድ ነበር፣ እዛው አፋርና ኦሮሚያ ደግሞ በአስር ሺዎች ሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቋል። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንስሳውን አታሳዱ፣ እናንተ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ ሲቆም ነው ፍለጋው፣ ደጋግሞ ስለሚመጣ ደግሞ ቶሎ ይዛችሁ ውጡ። ጎርፍ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ቀድማችሁ ነው ምትንቀሳቀሱት። ድሬዳዋ ላይ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሰው በተኛበት በሌሊት ነው ገንፍሎ የገባው፣ ከላይ ከሀረርጌ ተራራ የዘነበው እታች ያለው ሰው ሳያውቀው። ወንዝ ዳር፣ ቀበናም ሆነ ባንተይቀጡ ሆነ አቃቂ፣ ምትኖሩ ሰዎች ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሻውን ማታ በፍጹም አትሰሩት። መውጣት ግድ ሆኖ ይዛችሁት መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ ፍቱትና በሩን ክፈቱለት፣ የመዳን እድል አለው። ከጎርፍ በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ እንዳይጠጣ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ ተቀላቅሎበታል።

ዶሮ፣ በግ፣ አንድ ሁለት ላም ያላችሁም እንደዚሁ ናችሁ፣ በረቱ ከውጪ በቀላሉ ይከፈት፣ እግሩ የታሰረ በግ ካለ ገመዱን ሚቆርጥ ቢላ አጠገቡ ይንጠልጠል።

ውሻችሁ ሲደነግጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ከፈለጋችሁ የቡሄ ጅራፍና የበዓል ዋዜማ ርችት አለላችሁ። አጥር ይዘላል? ይደበቃል? ይናከሳል? ያን ቀን ያያችሁትን ነው በአደጋው ቀን ምታዩት፣ ሚዘል ከሆነ አጥሩ የቱጋ እንደሚያዘልል ያኔ እዩት።

አሜሪካ ያላችሁ ነገሩ ይቀላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና ሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ብዙ ሰው ውሻዬን ትቼ አልወጣም ብሎ ቤቱ ቀርቷል፣ ከዛ በ2006 በወጣው ህግ ስቴቶችና ከተሞች የመልቀቂያ እቅዳቸው ውስጥ የቤት እንስሳን እንዲያስገቡ ተደረገ። ግን ሁሉም መጠለያ ይቀበላል ማለት አይደለም፣ የካውንቲያችሁን ዝርዝር አሁን እዩ፣ እንስሳ ሚቀበል ሆቴልም ስልኩን ያዙ፣ ማይክሮቺፕ (ቆዳው ስር ሚገባ መለያ) ካለው ደግሞ ቤት ስትቀይሩ አድራሻውን አስተካክሉ፣ አሮጌ ስልክ ላይ የተመዘገበ ቺፕ ምንም አያረግም። እስራኤል ያላችሁ ሳይረን ሲጮህ ጊዜው ብዙ ቦታ ከ15 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሆነ ገመዱና የውሃ ሳህኑ ማማድ (ቤት ውስጥ ያለው መጠለያ ክፍል) ውስጥ ይቀመጥ፣ ውሻው "ና" ሲባል ወደዛ እንዲገባ በምግብ አስለምዱት።

ከጠፋባችሁ፣ ድመት ብዙ ጊዜ ሩቅ አትሄድም፣ ሁለት ሶስት ቤት አካባቢ ነው ተደብቃ ምትቆየው፣ ቀን ሳይሆን ሌሊት ሰፈሩ ሲረጋ በባትሪ ፈልጓት፣ ዓይኗ ያበራል፣ ምትተኛበትን ጋቢ በር ላይ አንጥፉላት። ውሻ ግን ይርቃል። ለሱ በእግር ዙሩና የየግቢውን ዘበኛ፣ ሊስትሮዎቹን፣ ቆራሌውን፣ ስጋ ቤቱን ጠይቁ፣ መንገድ ላይ የዋለ ሰው ነው ሚያየው። ፎቶውን የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁት፣ ግን አንድ ምልክቱን፣ ለምሳሌ ሆዱ ስር ያለችውን ነጭ ነጥብ፣ አትጻፉት፣ "አግኝቼዋለሁ ብር ላክ" ሚል ሰው ሲደውል እሷን ትጠይቁታላችሁ።